ፈትቶ ማየት የሚወዱ ሰዎች

አንድ ዕቃ ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ የሚሠራበት መንገድ ልቡን የሚገዛው ሰው በየዘመኑና በየአገሩ ይገኛል። ይህ ሰው ሬዲዮ ሲገዛ ዜናውን ከመስማቱ በፊት የጀርባውን ብሎን የሚፈልግ፣ ስልክ በእጁ ሲገባ ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝና ፕሮሰሰሩ የማን ሥሪት እንደሆነ የሚጠይቅ፣ ከጨዋታ መሐል ተነሥቶ ስለ አንድ ቺፕ ማንም ያልጠየቀውን ረጅም ማብራሪያ የሚሰጥ ነው፤ በሌላው ዓለም ‹ጊክ› እየተባለ የሚጠራውም እሱ ነው። ገንዘብ በተትረፈረፈበት አገር የዚህ ዓይነቱ ሰው ፍቅር በአብዛኛው አዲስ የወጣውን ዕቃ ቀድሞ በመግዛት ይገለጻል። አዲሱ ዕቃ ዘግይቶ በሚደርስበት፣ መለዋወጫው ደግሞ ጨርሶ በማይደርስበት ቦታ ግን ፍቅሩ የሚገለጸው አሮጌውን በመፍታት ነው፤ ስለሆነም የመሣሪያ ፍቅርን በኢትዮጵያ ማጥናት የሚሻ ሰው ከመደብር መስኮት ይልቅ ከጥገና ጠረጴዛ ቢጀምር ይሻለዋል።

ጥሊሊ ለዚህ የምትመች ከተማ ናት። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጥሊሊ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ እንጅባራ፣ ዳንግላና ባሕር ዳር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የከተማ ዕቃ በመኪና ይመጣላታል፤ በዙሪያዋ ያለው ድንችና ገብስ አብቃይ ደጋ ደግሞ በፈረስና በጋሪ ይገባባታል። እንዲህ ባለች ከተማ በገበያ ቀን ገበሬው ከሸጠው ዕቃ ገንዘብ ላይ የተወሰነውን ይዞ የሚሄድባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፤ ከፊቷ የመስታወት ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ቻርጀርና ሚሞሪ ካርድ፣ ከኋላው ደግሞ በፕላስቲክ ጣሳ የታጨቁ ብሎኖች፣ አንድ ቴስተር፣ ሊድ የሚቀለጥበት ትንሽ የብየዳ ብረትና ከአንድ ዲቫይደር የተሰኩ ብዙ ስልኮች ይታያሉ። ሽማግሌው ስልካቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አውጥተው «ልጄ፣ ይኸ ነገር ድምፁን ነሣኝ» ሲሉ፣ ወጣቱ ጠጋኝ «አምጡት እስቲ፣ አባባ» ብሎ ተቀብሎ መሸፈኛውን ከፍቶ ወደ ብርሃን ያዘነብለዋል። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ የሚነበበው ከሒሳቡ በፊት የሚመጣ ጉጉት ነው።

የአዊ ደጋ ክረምት ለስልክ ክፉ ነው፤ ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያሳልፍም፤ ከላብ፣ ከአቧራና ከጨው ጋር የተቀላቀለ ውኃ ግን በደንብ ያሳልፋል፤ ስልኩ ባትሪው ሳይወጣ ከረጠበ ኃይሉ በሁለት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች መካከል በእርጥበቱ በኩል ይሻገርና ብረቱን ቀስ በቀስ እየበላ አረንጓዴ ዝገት ይተዋል። ስለዚህ ውኃ የገባበትን ስልክ ‹ሠርቶ እንደሆነ ልየው› ብሎ ቻርጅ ላይ መሰካት በሽታውን ማባባስ ነው። ጠጋኙ ሰሌዳውን በአልኮልና በብሩሽ ያጥባል፤ ከዚያ በኋላም ካልነሣ ‹ሾርት› የሚባለውን፣ ማለትም ኃይሉ መድረስ ካለበት ቦታ ሳይደርስ በአቋራጭ የሚፈስበትን ነጥብ ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ ታላላቅ ወርክሾፖች ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ሲጠቀሙ፣ ካሜራ የሌለው ጠጋኝ በሰሌዳው ላይ አልኮል ነስንሶ መጠነኛ ኃይል ይለቅቅበታል፤ ሾርት የሆነው ዕቃ ስለሚግል አልኮሉ መጀመሪያ የሚተንበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ይህን ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ለምን አንዳንዶች ምሳቸውን ረስተው በዚህ ጠረጴዛ ላይ እንደሚውሉ ሊገባው ይችላል።

ከዚህም የበለጠ የፍቅር ምልክት የሚታየው በባትሪ ነው። የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ሲፈታ በውስጡ ብዙውን ጊዜ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ የጣት ባትሪ የሚመስሉ የሊቲየም ሴሎች ተደርድረው ይገኛሉ፤ ባትሪው ‹ሞተ› ሲባል ግን አብዛኛውን ጊዜ የደከሙት ከሴሎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ናቸው። ፈታቹ እያንዳንዱን በቴስተር ለክቶ ደኅናዎቹን ለእጅ ባትሪ፣ ለሶላር መብራት ወይም በቤት ለተሠራ ፓወር ባንክ ያውላቸዋል። የአንዱ ሴል አማካይ ቮልቴጅ 3.7 ቮልት፣ ሲሞላም 4.2 ቮልት ሲሆን፣ ከዚህ ልክ ሲያልፍ ወይም መከላከያ ሰርኪት ሳይኖረው ሾርት ሲሆን ግን በእሳት የሚፈነዳ ዕቃ ነው። ማኅበረሰቡ የሚሰማው ‹እገሌ ከቆሻሻ ላይ መብራት ሠራ› የሚለውን ብቻ ነው፤ ፈታቹ ግን በ0.1 ቮልት ልዩነት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨነቅ ሊያድር ይችላል፤ እናቱ ለጎረቤት ‹ልጄን ምን እንደነካው አላውቅም› እንድትል የሚያደርጋትም ይኸው ጭንቀቱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ትናንሽ ከተሞች ፈታቾቻቸውን በጅምላ የፈለጉበት አንድ ወቅት ቢጠቀስ 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት ተጀምሮ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተመልካቾቻቸውን ከናይልሳት ወደ ሌላ ሳተላይት ሲጠሩ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ የተተከለ ዲሽ ሁሉ ፊቱን ማዞር ነበረበት። ጉዳዩ የጂኦሜትሪ ነው። ለቴሌቪዥን የሚውሉ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ምድር በምትዞርበት ፍጥነት አብረዋት ስለሚዞሩ፣ ከመሬት ለሚያያቸው ሰው አንድ ቦታ ላይ የተሰቀሉ ይመስላሉ። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ከአዊ ሆኖ የሚፈልገው ሰው ዲሹን ወደ ምዕራብ አዙሮ ከአድማስ በላይ 38 ዲግሪ ገደማ ያቃናዋል፤ አዲሱ ሳተላይት ግን በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ በመሆኑ ዲሹ ወደ ምሥራቅ ደቡብ ዞሮ፣ ወደ 63 ዲግሪ ገደማ ሽቅብ መንጋጠጥ አለበት። ጥቂት ዲግሪ የሳተ ዲሽ ምንም አያሳይም። ጣሪያ ላይ የወጣው ወጣት በስልኩ ኮምፓስ እየለካ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ደግሞ የሲግናሉን መቶኛ እየጮኹ እየነገሩት ሲሠራ፣ በትምህርት ቤት የደበተው የማዕዘን ስሌት ለመንደሩ በዓል ከአስፈላጊ ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 ቀን ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ ወደ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ ከቻይና ማምጠቋ ዜና ሆኗል፤ ለዲሽ ገጣሚዎቹ ግን ማንም አልተናገረላቸውም።

ይህ ዝምታ ሊመረመር ይገባዋል፤ ምክንያቱም የአዊ ሕዝብ በአንድ ነገር ዝርዝር ላይ ልቡን የሚጥል ሰውን የማያከብር ሕዝብ አይደለም። የአገው ፈረሰኛ ስለ ፈረሱ ቁመት፣ ስለ አካሄዱና ስለ ዘሩ፣ ስለ ኮርቻው አሠራር፣ ስለ ልጓሙ፣ ስለ እርካቡና ስለ ግላሱ ጥለት ሲናገር ሰዓት አይበቃውም፤ ሰሚውም አይሰለቸውም። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል ይህ የዝርዝር ፍቅር በአደባባይ ይታያል፤ ፈረሰኛው ዓመቱን ሙሉ በግሉ የደከመበት የማስጌጥና የማሠልጠን ሥራ በዚያ ቀን የሁሉ ይሆናል። በባሕርዩ ከታየ፣ ኮርቻ ጠፍሩ በትክክል እስኪያርፍ ድረስ አሥር ጊዜ የሚፈታው ሰውና ሰርኪት እስኪሠራለት ድረስ አሥር ጊዜ የሚፈታው ሰው አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ማኅበር፣ በዓልና ስም አለው፤ ሁለተኛው ‹ብቻውን የሚያወራ› ይባላል። ስለዚህ ችግሩ በአንድ ነገር ላይ ሙጭጭ ማለቱ አይደለም፤ ሙጭጭ ያለበት ነገር የሚታይበት አደባባይ ማጣቱ ነው።

በዚህ ላይ ጥንታዊ ጥላ አለ። በሰሜኑና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራና ቆዳ የሚፍቅ ሰው ለዘመናት ከመሬትና ከጋብቻ እየተገለለ፣ ‹ቡዳ ነው› እየተባለ ሲፈራና ሲሰደብ ኖሯል፤ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ከገበታው ያርቀው ነበር። በመሣሪያ ውስጥ ያለ ዕውቀት ስውር ኃይል ነው የሚለው ፍርሃት፣ ቁሳቁስን ከሚረዳ ሰው ጋር የሚደረገውን ግንኙነት ሁሉ አበላሽቷል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን የከለከሉት ይህን በመረዳት ነበር። ዐዋጁ ልማዱን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም፤ ቢሆንም ዐዋጁን ያወጣው ሰው ራሱ በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት የመሣሪያ ወዳጆች ሁሉ የታወቀው መሆኑ ያጋጣሚ ነገር አይመስልም። ራስ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1889 ወደ ኢጣሊያ ሄደው የስልክ መሣሪያ ይዘው ሲመለሱ ንጉሡ በቤተ መንግሥታቸው አስተከሉት፤ ሰው የሌለበት ድምፅ የሰይጣን ነው ያሉ ካህናት እንደነበሩም ይነገራል፤ ምኒልክ ግን ከዚያ አልፈው አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር አስዘረጉ። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በአዲስ አበባ ውኃ በቧንቧ ሽቅብ እንዲወጣ ሲያደርግ፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዱን ሲያመጣ፣ ንጉሡ ለመሣሪያ አሠራር የነበራቸውን ጉጉት ያዩዋቸው እንግዶች ጽፈዋል። ማሽን የሚወድ ንጉሥ ለማሽን ወዳዱ ሁሉ መጠለያ ነው።

ከእሳቸው በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያቋቋሙት የመድፍ ማቅለጫ በሌላ በኩል ያስተምራል። ከዚያ በፊት መድፍ ሠርተው የማያውቁ የወንጌል መልእክተኞች፣ በንጉሡ ግፊትና በብዙ ያልተሳካ ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡ። መሣሪያን መውደድ ከጦር መውደድ ጋር ሲጣበቅ ምን እንደሚሆን ግን የቴዎድሮስ የመቅደላ ፍጻሜ ያሳያል።

ጥሊሊ አካባቢ ደግሞ ከሁሉም የቀደመ የመሣሪያ አፍቃሪ አልፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኖቬምበር ወር 1770 እ.ኤ.አ. በሰከላ ወደሚገኘው ግሽ ዓባይ የደረሰው፣ ከጥሊሊ በስተምሥራቅ ባለው የያኔ የአገው ምድር፣ ኳድራንት፣ ቴሌስኮፕና ሰዓት አስጭኖ ነበር። ኳድራንት ማለት የከዋክብትንና የፀሐይን ከፍታ በዲግሪ የሚለካ፣ ሩብ ክብ የመሰለ የናስና የብረት መሣሪያ ሲሆን፣ የብሩስ ኳድራንት በተራራማ መንገድ ብዙ ሸካሚ የሚፈልግ ከባድ ነበር። ለምንጩ የመዘገበው ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ ሲሆን፣ ዛሬ በስልክ ጂፒኤስ ከሚገኘው ልኬት እምብዛም አይርቅም። ብሩስ ስለ ራሱ ያወራው ብዙ ነገር ተጠራጣሪ አግኝቷል፤ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከእሱ 150 ዓመት ገደማ ቀድሞ ምንጩን አይቶ ሳለ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ማለቱም አሳፋሪ ነው፤ ልኬቱ ግን አልዋሸም። የመሣሪያ ታማኝነት ባለመሣሪያው ከሚናገረው በላይ የሚሄድ መሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ሰው መጽናኛም ነው።

የኢትዮጵያ ፈታቾች ትልቁ ውጤት ምናልባት በየሰው ኪስ ውስጥ ስላለ ሳይታይ የቀረው ነው፤ ይኸውም ፊደልን በማሽን መጻፍ ነው። የላቲን የጽሕፈት መኪና ወደ 50 የሚጠጉ ቁልፎች ሲኖሩት፣ የአማርኛ ፊደል ከነእርባታው 231 መሠረታዊ ቅርጾች አሉት። ኢንጂነር አያና ብሩ በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ለዚህ ያገኙት መላ ፊደሉን መበታተን ነበር፤ ግንዱ በአንድ ቁልፍ፣ የእርባታው እግር ወይም ቀለበት በሌላ ቁልፍ እየተመታ አንድ ላይ ይቀጣጠላሉ። ፊደሉ ሲወጣ ትንሽ የተሰበረ ይመስል ነበር፤ የቢሮ ደብዳቤ ግን ለአሠርት ዓመታት በዚህ መንገድ ተጽፏል። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ በስደት አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነሱም መካከል ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፊደሉን ሳይሰብሩ በስክሪን ላይ የማኖር ሥራ ጀመሩ። የየፕሮግራሙ ኮድ እርስ በርሱ ስለማይግባባ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ሲያካትት ያ ብጥብጥ መርገብ ጀመረ። ዛሬ በጥሊሊ ገበያ አንድ ሰው ለወንድሙ በቴሌግራም መልእክት ሲልክ፣ ከጣቱ በታች የሚሠራው የእነዚያ ከምሽት ሥራ የማይወጡ ሰዎች ግትርነት ነው፤ በቴሌቪዥን ስለ ቴክኖሎጂ የሚወራው ብዙ ሆኖ ሳለ፣ የእነሱ ታሪክ በመማሪያ መጽሐፍ እምብዛም አለመኖሩ የሚያስገርም ነው።

ልጆች በዚህ ረገድ ምን ያህል ሊሄዱ እንደሚችሉ ለማሳየት ብዙ የሚጠቀሰው በ2012 እ.ኤ.አ. በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ የተካሄደው ሙከራ ነው። አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት የታሸጉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ አስቀመጠ፤ የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን ያገኙት ሲሆን፣ በአምስት ወር ገደማ ደግሞ የተዘጋባቸውን ካሜራ ሶፍትዌሩን ሰብረው ከፍተዋል። ይህን ያለው ሙከራውን ያካሄደው ወገን ራሱ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ አስተማሪን የሚተካ ዕቃ አለኝ የሚል ድርጅት እንዲህ ያለ ዜና ይወዳል። ነገር ግን ወለንጪቲና ጥሊሊ ድረስ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ከዚህ ይተርፋል፤ የተዘጋ ነገር ካየ የማይተኛ ልጅ በየመንደሩ አለ።

የዚያ ልጅ ዕድል የሚወሰነው ከመፍታቱ ቀጥሎ በሚያገኘው ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዋ ሳይንስ ማኅበር ሲመሠረት፣ በድህነት በሚታወቅ አገር ስለ ሕዋ የሚያወሩት ሰዎች ቅዠተኞች ተብለው ነበር፤ ያ ማኅበር በእንጦጦ ተራራ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ማዕከል እንዲቆም አድርጓል። ሐረር ተወልዳ ያደገችው ቤተልሔም ደሴ በልጅነቷ ኮድ መጻፍ ስትጀምር ብርቅ ተብላ የታየችው፣ ሴት ልጅ ሬዲዮ ስትፈታ ቤተሰብ ከወንድሟ ይልቅ ቶሎ ስለሚቆጣ ነው፤ በጠጋኝ ሱቆች ውስጥ ሴት ጠጋኝ እምብዛም የማይታየው ፍላጎት ስለሌለ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በአዊ በኩል እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊቴክኒክ ሆኖ በተጀመረው የባሕር ዳር ትምህርት ተቋም ደግሞ ለተማሪዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከል አለ። መንገዱ ግን ከጥሊሊ ሱቅ ጠረጴዛ ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚያደርስ ተብሎ ገና አልተጠረገም፤ ፈተና ያላለፈ ፈታች የሚገባበት በር ጠባብ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የመሣሪያ ፍቅር ብልሹ ገጽታም አለው፤ ደመወዙን ሁሉ በአዲስ ስልክ ላይ አውጥቶ ልጁ ደብተር የሚያጣ አባት በዚህ ፍቅር ስም ሊመሰገን አይገባውም። በዕለት ኑሮ ውስጥ ግን ፍቅሩ በገንዘብ የማይገዛበት መንገድ ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ፊልም፣ መዝሙር፣ የትምህርት ቪዲዮና የስልክ አፕሊኬሽን ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ የነበሩት በሚሞሪ ካርድና እንደ ዜንደር ባሉ፣ ሁለት ስልኮችን ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ በሚያገናኙ ፕሮግራሞች ነበር። የትኛው ፋይል ከየትኛው አንድሮይድ ጋር እንደሚስማማ፣ የትኛው ሚሞሪ የቻይና አስመስሎ የተሠራ እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ያን ጊዜ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሆነ።

ቀጣዩ ሥራ ደግሞ እዚያው ቅርብ ነው። አውኚ፣ የአዊ ሕዝብ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አማርኛ የሌለው አንድ የአፍንጫ ድምፅ አለው፤ ዩኒኮድ ለአገው ቋንቋዎችና ለብሊን የሚያገለግሉትን ከ‹ጘ› ጀምሮ ያሉትን ቅርጾች አስቀምጦላቸዋል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በ4.1 እትሙም የቀሩ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ፊደላት ተጨምረዋል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለአውኚና ለኽምጣኛ ያዘጋጀው ኪቦርድ፣ ኪማን በተባለው ነጻ ፕሮግራም አማካይነት ስልክ ላይ ይጫናል። ፋይሉ ትንሽ በመሆኑ ኢንተርኔት ያገኘ አንድ ሰው ካወረደው በኋላ በሚሞሪ ካርድ ለሌላው ማሳለፍ ይችላል፤ የጥሊሊ ጠጋኝ ለጥገና በመጣ ስልክ ሁሉ ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቢጭነው፣ በገበያ ቀን ከሱቁ የሚወጣው ገበሬ ስልኩ ድምፁ ተመልሶለት፣ በቋንቋውም ለመጻፍ የሚችል ሆኖ ይሄዳል።